ዜማው የት ሄደ?

ጃጁራ ላይ መብራት መቼ እንደሚጠፋ ማንም አያውቅም። ክረምት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እሑድ ጠዋት ሁለተኛው መዝሙር መሀል ላይ ኪቦርዱ ድንገት ዝም ሲል ምን እንደሚሆን በመዘምራን ውስጥ ያገለገላችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ድምፅ ማጉያው ይሞታል፤ ከበሮው ለጥቂት ጊዜ ብቻውን ይሮጣል፤ መሪው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ መዘምራኑ እርስ በርስ ይተያያሉ። ከኪቦርዱ ጎን ጊታር ይዞ የቆመ ሰው ካለ ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል።

ከዓመታት በፊት ያ ሰው እኔ ነበርኩ። የያዝኩት መብራት የማያስፈልገው ተራ ቦክስ ጊታር ነበር። የማውቃቸው ኮርዶች ሦስት ናቸው፦ ሲ፣ ኤፍ እና ጂ። እነሱኑ በሙሉ ኃይሌ መታኋቸው። መዝሙሩ አባቶች ይዘምሩት ከነበሩት ከቆዩት አንዱ ስለሆነ እኛ ወጣቶቹ በደንብ አናውቀውም ነበር፤ ስንከተል የነበረው ኪቦርዱ ላይ የሚሰማውን ዜማ ነው። ኪቦርዱ ሲጠፋ ዜማውም አብሮ ከእጃችን ወጣ። ግማሹ ሰው ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች ሄደ። እኔ ግን መምታቴን አላቆምኩም፤ እንዲያውም አዳኝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ከአምልኮ በኋላ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ጠሩኝ። የተናገሩኝ በሀዲይኛ ነው፤ በአማርኛ ሳስቀምጠው እንዲህ ይሆናል፦ «ልጄ፣ መብራቱ ሲጠፋ ዜማው የት ሄደ? ያ እንጨትህ ይመታል እንጂ አይዘምርም።»

ተናደድኩ። የእማማ ጥያቄ በሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የተጠየቀ ጥያቄ መሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ስለ መልሱም ብዙ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሰጥተዋል። ይህ ጽሑፍ የእነሱ ታሪክ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በእኛ የምትፈልጉ ሰባት ወይም ስምንት ቀንሱ።)

አንድ ጊታር ኮርድ ብቻ መምታት ይችላል፤ ዜማ ብቻ መልቀምም ይችላል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሲያደርግ፣ ማለትም ዜማው ከላይ እየተሰማ ኮርዱ ከሥሩ ሲደግፈው፣ የጃዝ ጊታር ተጫዋቾች «ኮርድ ሜሎዲ» ይሉታል። ዘማሪ የለም፣ ኪቦርድ የለም፣ ቤዝ የለም፤ ሁሉም በስድስት ክር ላይ ያድራል። ነገሩ እንደ ምትሃት ይመስላል፤ ሥሩ ግን ከጭፈራ ቤት ሳይሆን ከእኛው ከመዝሙር መጽሐፍ ይጀምራል ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

በ1524 በዊተንበርግ የሉተር ወዳጅ የሆነው ዮሐን ዋልተር የመዘምራን መጽሐፍ አሳተመ። መዝሙሮቹ በብዙ ድምፅ የተቀናበሩ ነበሩ። በዚያ ዘመን ልማድ ግን ዋናው ዜማ የሚቀመጠው ከላይ አልነበረም፤ ቴነሩ ጋ፣ መሀል ላይ ነበር። ከላይም ከታችም ሌሎች ድምፆች ይከቡታል። ለሠለጠኑ መዘምራን ይህ ውብ ነው። ወንበር ላይ ለተቀመጠው ገበሬና ነጋዴ ግን ዜማው በድምፅ ጫካ ውስጥ የጠፋ ያህል ነው፤ የትኛውን ይከተል? በ1586 ሉቃስ ኦሲያንደር የሚባል የሉተራን አገልጋይ ሃምሳ መዝሙሮችን አዲስ በሆነ አሠራር አቀናብሮ አወጣ። ዜማውን ከመሀል አንሥቶ ከሁሉ በላይ፣ ሶፕራኖው ላይ አስቀመጠው። ሌሎቹ ሦስት ድምፆች ከሥር ሆነው ከዜማው ጋር እኩል ይራመዳሉ። ዓላማው ምእመኑ ሁሉ ዜማውን ሰምቶ አብሮ እንዲዘምር ነበር።

ዜማ ከላይ፣ ሦስት ድምፅ ከታች። ዛሬ በመዝሙር መጽሐፍ ላይ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነር፣ ቤዝ ብለን የምናውቀው አቀማመጥ የዚያ ልጅ ነው። የኮርድ ሜሎዲ ጊታርም ያው ነው፤ አራቱ ዘማሪዎች ወደ ክርነት ተለውጠው ነው እንጂ።

ከኦሲያንደር እስከ ጃዝ ያለውን ሦስት መቶ ዓመት በላይ እዘለዋለሁ፤ ጊታር በዚያ ዘመን ሁሉ የራሱ ሌላ ታሪክ ነበረው። አሜሪካ ውስጥ በ1920ዎቹ የጃዝ ባንዶች ሲበዙ ጊታር ቦታ አልነበረውም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አይሰማም። መለከትና ከበሮ ባለበት ባንጆ ይሻላል፤ ባንጆ ይጮኻል። ነገሩን የለወጠው ማይክሮፎን ነው። ከ1925 ጀምሮ ሸክላ በኤሌክትሪክ መቀረጽ ሲጀምር ዝቅ ያለ ድምፅ ያለው መሣሪያም ዕድል አገኘ። በዚያ በር ከገቡት የመጀመሪያው ኤዲ ላንግ ነው። በ1902 በፊላደልፊያ የተወለደ የጣሊያን ስደተኞች ልጅ ሲሆን በልጅነቱ የተማረው ቫዮሊን ነበር። ጊታርን ከአጃቢነት አውጥቶ በፊት ለፊት እንዲናገር ያደረገ ሰው ነው። ብዙ አልቆየም፤ በ1933 የቶንሲል ቀዶ ሕክምና አድርጎ በዚያው ሞተ።

እሱን የተከተለው ጆርጅ ቫን ኤፕስ በ1913 የተወለደው ከታወቀ የባንጆ ተጫዋች ቤት ነው። ቫን ኤፕስ ጊታርን «የጭን ፒያኖ» ይለው ነበር። ይህ አባባል ቀልድ አይምሰላችሁ፤ አሳቡ ሁሉ በውስጡ አለ። ፒያኖ የሚጫወት ሰው ቀኝ እጁ ዜማ ይይዛል፣ ግራ እጁ ኮርድና ቤዝ። ቫን ኤፕስ ያንን ሁሉ ከአንድ ጊታር ፈለገ። ስድስት ክር ስላልበቃው በ1930ዎቹ መጨረሻ ከሥር አንድ ወፍራም ክር የተጨመረበት ባለ ሰባት ክር ጊታር አሠራ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የጨመረው ክር ሳይሆን የቀነሰው ድምፅ ነው። ስድስቱንም ክር በአንዴ ከመምታት ይልቅ ሦስት ድምፅ ያላቸውን ትንንሽ ኮርዶች አንድ በአንድ እያንቀሳቀሰ፣ ከላይ ያለው ድምፅ ዜማ እየሆነ እንዲሄድ አደረገ። ሦስት ድምፅ ብቻ። እኔ ያን እሑድ ስድስቱንም ክር ስደበድብ የነበርኩትን አስቡ።

ስለ ዌስ ሞንትጎመሪ ቆም ብዬ ልንገራችሁ፤ ከእናንተ መካከል «መምህር የለኝም፣ ኖታ አልችልም» የምትሉ ብዙ ስለሆናችሁ። በ1923 በኢንዲያናፖሊስ ተወለደ። ጊታርን በቁም ነገር የያዘው ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ ያውም የቻርሊ ክርስቺያንን ሸክላ እየሰማ፣ አንዱን ሐረግ ደጋግሞ እየለቀመ። ኖታ ማንበብ አልቻለም፤ እስኪሞትም አላነበበም። ልጆች ስለነበሩት ቀን ፋብሪካ ይሠራ ነበር፣ ማታ ይጫወታል፣ ሌሊት ደግሞ ይለማመዳል። እንደሚነገረው ጎረቤት እንዳይረበሽ መምቻውን ጥሎ በአውራ ጣቱ ሥጋ መምታት ጀመረ። ያ ለስላሳ ድምፅ በኋላ መታወቂያው ሆነ። ሲጫወት ልማዱ ደረጃ ነበረው፤ መጀመሪያ በነጠላ ድምፅ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ያንኑ በኦክታቭ እጥፍ ያደርገዋል፣ በመጨረሻ ዜማውን ሙሉ በሙሉ በኮርድ ያለብሰዋል። ሰሚው በሦስተኛው ላይ ሲደርስ ዜማውን ቀድሞ ስለያዘው ኮርዱ አያደናግረውም። በ1968 ገና በ45 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ።

ጆ ፓስ ደግሞ በ1929 የተወለደ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ነው። በልጅነቱ ድንቅ ተጫዋች ነበር። ከዚያ አደንዛዥ ዕፅ ያዘው፤ ወጣትነቱ በሱስና በእስር ቤት አለቀ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲናኖን ወደተባለ የማገገሚያ ማኅበር ገባ፤ በ1962 እዚያው ካሉ ሌሎች ታካሚ ሙዚቀኞች ጋር የተቀረጸው ሸክላ ወደ ሕዝብ መለሰው። በ1973 ብቻውን ተቀምጦ «ቪርቹኦሶ» የተባለውን አልበም ቀረጸ። ያለ ባንድ፣ ያለ ከበሮ፣ አንድ ሰው ከአንድ ጊታር ጋር። ከዚያ ወዲህ ጊታርን ለብቻው የሚጫወት ሰው ሁሉ ከዚህ አልበም ጋር መነጻጸሩ አልቀረም።

የጆ ፓስን አጨዋወት በጥሞና ስትሰሙ አንድ ነገር ይገለጥላችኋል። እያንዳንዱን የዜማ ድምፅ በኮርድ አይጭነውም። እዚህ ላይ ኮርድ፣ እዚያ ላይ ቤዝ ብቻ፣ ቀጥሎ ዜማው ባዶውን ይሮጣል፣ ከዚያ እንደገና ኮርድ። ጆሯችን የጎደለውን ይሞላዋል። ኮርዱ አንዴ ከተሰማ ለጥቂት ጊዜ በልባችን ይቆያል፤ ደጋግሞ መንገር አያስፈልግም። ጀማሪ ግን (እኔን ጨምሮ) ዝምታ ያስፈራዋል፤ ስለዚህ ይመታል።

እስቲ አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ብቻውን ተቀምጦ ዜማንም አጀብንም ከጥቂት ክሮች ማውጣት ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ክራር ያለው ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ክራር ብዙውን ጊዜ ስድስት ክር አለው፤ ክሮቹ በቅኝቱ ይቃኛሉ። በቀኝ እጁ በመምቻ ሁሉንም ሲጠርግ በግራ እጁ ጣቶች የማይፈልጋቸውን ክሮች አፍኖ ዝም ያሰኛቸዋል። የተፈለጉት ብቻ ይዘምራሉ። ጊታር ላይ ጣት የሚያስቀምጡት ድምፅ ለማውጣት ነው፤ ክራር ላይ ደግሞ ድምፅ ለማስቀረትም ነው። ይህን ልዩነት አትርሱት፤ ወደ ኋላ ላይ እንፈልገዋለን።

ኮርድ የሚባለው ነገር ግን ከውጭ የመጣ ነው። አመጣጡም አሳዛኝ ታሪክ አለው። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሲጎበኙ ከአርመኖች እልቂት የተረፉ አርባ ወላጅ አልባ ልጆች በመለከት ባንድ ሲጫወቱ አዩ፤ ወደ አዲስ አበባም አስመጧቸው። እኛ «አርባ ልጆች» የምንላቸው እነሱ ናቸው። የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ሰው ነው። በኋላ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን መጥቶ በማዘጋጃ ቤቱ ባንድና በ1955 በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር) የአገራችንን ዜማዎች ለትልልቅ ባንዶች አቀናበረ። የሥራው አስቸጋሪነት ይህ ነበር፤ ለአውሮፓ ዜማ የተሠራ የኮርድ ልብስ በአምስት ድምፅ ለሚኖር ዜማ ልክ አይሆንም። ሰፊ ነው። ዜማው ውስጡ ይጠፋል።

በ1943 በጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄም ያንኑ ችግር በሌላ መንገድ ገጠመው። በእንግሊዝ ተምሮ፣ በቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከገቡት አፍሪካውያን የመጀመሪያው ሆኖ፣ የጃዝን ሃርመኒ ጠንቅቆ አወቀ። ከዚያ ያወቀውን ሁሉ በአምስቱ የቅኝት ድምፆች ላይ ማፍሰስ እንደማይችል ተረዳ። ኢትዮ ጃዝ የተባለው ሥራው ከሥር የአሥራ ሁለቱን ድምፅ ሃርመኒ ቢጠቀምም ቅኝቱ ጠባዩን እንዳያጣ መጠንቀቅ ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ ጊታር ተጫዋቹ ግሩም መዝሙር አለ። ስሙን ስሰማ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ፤ ለመዘምራን ቡድን የሚሆን ስም ነው። አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት በሚባለው ቡድኑ የ1950ዎቹንና የ60ዎቹን ዜማዎች በጊታር፣ በማንዶሊን፣ በአኮርዲዮንና በክላርኔት መልሶ አምጥቷቸዋል። ሥራዎቹን ስትሰሙ ዜማው ሁልጊዜ ከፊት ነው።

እኛስ? በሀዲያና በከምባታ መዝሙርና ኮርድ እንዴት ተገናኙ? በ1920ዎቹ መጨረሻ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን መልእክተኞች ከዶክተር ቶማስ ላምቢ ጋር ወደ ደቡብ ወርደው በሆሳዕናና በሶዶ ጣቢያ አቆሙ። የአገራቸውን መዝሙሮች ይዘው መጡ። እነዚያ መዝሙሮች ባለ አራት ድምፅ፣ ባለ ሰባት ኖታ ናቸው። የአካባቢያችን ሰው ደግሞ ሲዘምር አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ሰርግ ላይም፣ ደቦ ላይም፣ በያሆዴ ሰሞንም እንዲያ ነው። ከዚያ ጣሊያን መጣ፤ ሚስዮናውያኑ ከአገር ወጡ። ምእመኑ ግን ባለቀ ፋንታ በዛ። እነዚያ ዓመታት መዝሙር በሕዝቡ አፍና በሕዝቡ ዜማ የተዘመረባቸው ዓመታት ናቸው። አስተካክሎ የሚመራ ኦርጋን አልነበረም።

በደርግ ዘመን ደግሞ በአካባቢያችን ብዙ የጸሎት ቤቶች ተዘጉ። ሰዎች ታሰሩ፤ ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ሰባት ዓመት መታሰሩን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በየቤቱ ለጸሎት የተሰበሰበ ሰው ከበሮና ጊታር ይዞ አይገባም፤ ድምፅ ያሳውቃል። ዝቅ ተብሎ ይዘመራል። በዚያ ጊዜ ከቤት ወደ ቤት፣ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈው ዜማው ብቻ ነው። ኮርድ የለበትም። እማማ «ዜማው የት ሄደ» ያሉኝ እንዲያ ባለ ቤት ውስጥ ዘምረው ያደጉ ሰው ስለሆኑ ነው። ለእሳቸው ዜማው የመዝሙሩ ጌጥ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ የቀረላቸው እሱ ብቻ ነበር።

ሰላም ሲሆን ኪቦርድ መጣ። ኪቦርዱ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ «ስታይል» አለ፤ አንድ ጣት ስታስቀምጡ ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ኮርዱንም ራሱ ይጫወተዋል። ኪቦርድ ተጫዋቾቻችን እንዳይቆጡኝ፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ልብ በሉ፤ ያ ስታይል ኮርድ የሚሰጠው ለሰባት ድምፅ ዜማ ነው። ከእኛ አካባቢ የቆዩ መዝሙሮች መካከል እኔ የማውቃቸው ብዙዎቹ በአምስት ድምፅ ውስጥ የሚያድሩ ናቸው።

ጊታራችሁን አንሡና አብረን እንየው። ዶን ሲ ላይ እናድርግ። የሜጀር ትዝታ ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። ፋ እና ቲ የሉም። አሁን ሦስቱን ኮርዶቼን አስቡ። ሲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ሶል ነው፤ ሦስቱም ከቅኝቱ ውስጥ ናቸው። ኤፍ ሜጀር ግን ፋ፣ ላ፣ ዶ ነው፤ ፋን ከውጭ ያስገባል። ጂ ሜጀር ሶል፣ ቲ፣ ሬ ነው፤ ቲን ከውጭ ያስገባል። እነዚህ ሁለት እንግዶች ደግሞ ተራ እንግዶች አይደሉም። የአውሮፓን ሙዚቃ ወደ ቤቱ የሚገፋው ውጥረት የሚኖረው በፋና በቲ መካከል ነው። ትዝታ ግን ያንን ግፊት አይፈልግም፤ ከዶ ተነሥቶ ላ ላይ ቢያድር አይጨነቅም። እኔ ያን እሑድ ስመታቸው የነበሩት ኮርዶች መዝሙሩን ሳያውቁ ወደማይሄድበት ይጎትቱት ነበር ማለት ነው። ጉባኤው ግማሹ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች ቢሄድ ይገርማል?

በአምስቱ ድምፆች ብቻ የሚሠሩ ሙሉ ባለ ሦስት ድምፅ ኮርዶች ሁለት ናቸው፤ ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር። ለጀማሪ ሁለቱ ይበቃሉ። ጥሩው ዜና ደግሞ ይህ ነው፤ አምስቱም የዜማ ድምፆች በሁለቱ ቀጫጭን ክሮች ላይ፣ በመጀመሪያዎቹ አምስት ፍሬቶች ውስጥ ይገኛሉ። ክሮቹን ከቀጭኑ ጀምረን እንቁጠር። ዶ ሁለተኛው ክር፣ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ ነው፤ የተለመደውን የሲ ሜጀር ኮርድ ያዙና አንደኛውን ክር ሳትነኩ ምቱ፤ ከላይ የሚሰማው ዶ ይሆናል። ያንኑ ኮርድ እንደያዛችሁ አንደኛውን ባዶ ክር ብትጨምሩ ሚ ከላይ ይወጣል። በትንሿ ጣታችሁ የአንደኛውን ክር ሦስተኛ ፍሬት ብትይዙ ሶል ይሆናል። ለላ፣ በአንድ ጣት ሦስቱን ቀጫጭን ክሮች አምስተኛው ፍሬት ላይ ተጫኑና ከባዶው አምስተኛ ክር ጋር ልቀሟቸው፤ ሙሉ ኤ ማይነር ነው፣ ላ ከላይ ሆኖ።

የቀረው ሬ ነው። እዚህ ላይ ክራሩን አስታውሱ። ሬ ሁለተኛው ክር፣ ሦስተኛው ፍሬት ላይ ነው። ከሥሩ ሦስተኛውን ክር ሁለተኛው ፍሬት ላይ ያዙ፣ አራተኛውን ባዶውን ተዉት፣ ሌላውን ሁሉ ዝም አሰኙ። የሚሰማው ሬ፣ ላ፣ ሬ ነው። የዲ ማይነር ግማሽ ነው፤ የጎደለው ፋ ነው፤ እኛም ያስቀረነው ሆን ብለን ነው። ባዶ ይመስላል፤ ግን ዘምሩበትና እዩት። ቫን ኤፕስ በሦስት ድምፅ የሠራውን፣ ክራር መቺው በማፈን የሠራውን በአንድ ላይ ሠራችሁ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ትዕግሥት ነው የሚያስፈልገው። መጀመሪያ መዝሙሩን ያለ ጊታር ዘምሩት፤ ከእናንተ የተሻለ የሚያውቀው ሰው ጋ ሄዳችሁ ስሙት። ቀጥላችሁ ዜማውን ብቻውን በሁለቱ ክሮች ልቀሙ። ትንፋሽ የሚወሰድበትንና ድምፁ ረዘም የሚልበትን ቦታ ስታገኙ እዚያ ላይ ብቻ ኮርድ አስገቡ። ዜማው ከዶ በታች ከወረደ ሦስተኛው ክር ይቀበለዋል፤ ባዶው ሶል ነው፣ ሁለተኛው ፍሬት ላ። ያን ጊዜ ከሥር ለኮርድ የሚተርፍ ቦታ ስለማይኖር አንድ የቤዝ ድምፅ ይበቃል። ለጉባኤው ከፍታ ካልተመቸ ካፖ አድርጉ፤ የጣት አያያዙ አይለወጥም።

ሌሎቹ ቅኝቶች እንዲህ ገራም አይደሉም። አምባሰልን ከዶ ብትጀምሩት በራሱ ድምፆች ውስጥ ለመነሻው ለዶ ሙሉ ኮርድ የለውም፤ ያለው ዶና ሶል ብቻ ነው። ሜጀር ነው ማይነር ነው ብላችሁ አትጨቃጨቁ፤ ሁለቱንም አይደለም። ሚን ጨምራችሁ ሜጀር ብታደርጉት አምባሰልነቱ እዚያው ይሞታል። አንቺ ሆዬማ ሶሉም ስለሌለው ከመነሻው ሥር የምታስቀምጡት አጋር አታገኙም፤ እዚያ ላይ ዶን ብቻውን ከሥር ደጋግሞ ማሰማት እንጂ ሌላ ያዋጣኝ ነገር የለም። ኪቦርዱ ላይ ግን ስታይሉ ሁሉንም በአንድ ልብስ ያለብሳቸዋል።

መዝሙሯን በዚህ መንገድ ለመሥራት አራት ወር ፈጀብኝ። በእሑድ አምልኮ ላይ ከመጫወቴ በፊት እማማ ቤት ሄድኩ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ምድጃው አጠገብ ባለችው አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጬ ተጫወትኩላቸው። ምንም አልዘመርኩም፤ ጊታሩ ብቻ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ እሳቸው ዝቅ ባለ ድምፅ ገቡበት፤ በቤት ውስጥ ጸሎት ጊዜ የተለመደው ዓይነት ድምፅ ነው፣ ከበር አያልፍም። እስከ መጨረሻው አብረን ሄድን።

ሲያልቅ ትንሽ አሰቡና «እዚያ ሦስተኛው ላይ ወደ ላይ ትወጣለህ፤ እኛ እንወርድ ነበር» አሉኝ። ራሳቸው ዘምረው አሳዩኝ። ከሬ ተነሥቶ ወደ ታችኛው ላ ይወርዳል፤ መሀል ላይ ደግሞ ጊታሬ ፍሬት የሌለው አንድ ድምፅ ነካ ያደርጋል። ለዚያች ቦታ እስካሁን ኮርድ አላገኘሁላትም። እዚያ ስደርስ እጄን ከክሮቹ አነሣና አምስተኛውን ክር ብቻ እለቃለሁ።